ለሾፌርና ለረዳትም ማኅበር ይገባቸዋል

ሥልጣኔ በመንገድ ይመጣል ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምተናል። መንገድ ግን ብቻውን ሰውን ከቦታ ወደ ቦታ አያደርስም። መንገዱን የሚቀይሰው መሐንዲስ፤ መኪናውን የሚገዛው ባለንብረት፤ ታሪፉን የሚወስነው መሥሪያ ቤት ሁሉም የየራሳቸው ስምና ክብር አላቸው። ሌሊት ተነሥቶ መሪ የሚጨብጠው ሾፌርና በር ላይ ቆሞ የሚጣራው ረዳት ግን፤ ተሳፋሪው ከመኪናው እንደ ወረደ ይረሳሉ። በዛሬው ጽሑፋችን ልንመለከተው ያሰብነው የእነዚህን ሰዎች ነገር ነው። ይኸውም ደመወዛቸው ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለውን ሳይሆን፤ ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራቸው በማኅበር ሆነው ለመናገር ያላቸውን መብት፤ መንግሥትና የሕዝብ እንደራሴዎች እንዴት ሊደግፉት እንደሚገባ ነው።

ነገሩን ከሩቅ ሳይሆን ከቅርብ ለመያዝ፤ ከደሴ ተነሥቶ ቦሩ ሜዳን አልፎ ወደ ኩታበር የሚወጣውን መንገድ እንውሰድ። ርቀቱ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከኩታበርም ወዲያ ወደ ተንታ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ማን ነው ብንል፤ ትምህርቱን ደሴ የሚከታተል ተማሪ፤ ከወረዳ ወደ ዞን ደብዳቤ ይዞ የሚሄድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፤ እህሉን ሸጦ ጨውና ጋዝ ገዝቶ የሚመለስ ገበሬ፤ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የምትወሰድ በሽተኛ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በኩታበር በኩል ወደ ደሴ ሲገፋ፤ ቤቱን ጥሎ የወጣው ሕዝብ ከእግሩ ሌላ ተስፋ ያደረገው መኪናን ነበር። እንግዲህ ለደጋው ሕዝብ ሚኒባሱና ቅጥቅጡ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ እንደ ውኃና እንደ ወፍጮ ያለ የኑሮ ዕቃ ነው።

ይህን ዕቃ በየቀኑ የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ሰዎች ኑሮ ምን ይመስላል? በአገራችን በብዙ መስመሮች እንደሚታየው፤ የመኪናው ባለቤት ሌላ ነው፤ ሾፌሩ ሌላ ነው። ሾፌሩ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ያስገባል። ነዳጁን ከቀዳ፤ የመናኸሪያውን ከከፈለ፤ የረዳቱን ከሰጠ በኋላ የተረፈው የእርሱ ይሆናል። ያልተረፈ እንደ ሆነም ዕዳው የእርሱ ነው። የሥራ ውል የሚባል ወረቀት ብዙዎቹ አይተው አያውቁም። ዛሬ ሲነዳ የዋለው ሰው ነገ ማለዳ ቁልፉን አስረክብ ቢባል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅበት ደጅ አያገኝም። ረዳቱ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ገና ልጅ እግር ነው፤ ከሾፌሩ እጅ የሚቀበለውን ካልሆነ በቀር በማንም መዝገብ ላይ ስሙ የለም።

ትርፍ ሰው ተጭኖ ሲገኝ የሚቀጣው ማን ነው? ሾፌሩ ነው። ትርፍ ሰው ካልጫነ የቀኑን ገቢ ሊሞላ እንደማይችል የሚያውቀው ማን ነው? እርሱም ሾፌሩ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፤ የሒሳቡ አወጣጥ ከሌላ ይመጣል፤ ቅጣቱ ግን በእርሱ ላይ ይወድቃል። ይህን ስንል ጥፋት የሠራ ሾፌር አይቀጣ ማለታችን አይደለም፤ ጥፋቱን የሚወልደውን ነገር የሚናገር አፍ ይኑረው ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፤ «የትራንስፖርት ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ በየመናኸሪያው ሰሌዳው ተሰቅሎ እናያለን፤ ታዲያ ምን ጎደለ?» ሊለን ይችላል። አዎን፤ ማኅበር አለ። ነገር ግን ያ ማኅበር የባለንብረቶች ማኅበር ነው። መኪና ያለው ሰው ተደራጅቶ ስምሪት ይቀበላል፤ ስለ ታሪፍ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ይነጋገራል፤ ስለ ነዳጅም አቤት ይላል። ይህም ተገቢ ነው፤ ባለንብረቱም ገንዘቡን በአደገኛ ሥራ ላይ ያዋለ ዜጋ ነውና አንነቅፈውም። የምንለው፤ ማኅበር የሚለው ቃል አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየሸፈነ ነው ነው። ንብረት ያላቸው ሰዎች ስለ ንብረታቸው የሚያቆሙት ማኅበር አንድ ነው፤ ጉልበታቸውን የሚሸጡ ሰዎች ስለ ጉልበታቸው የሚያቆሙት ማኅበር ሌላ ነው። በኩታበር መስመር ይሁን በሌላው፤ ታሪፍ የሚወሰንበትን ጠረጴዛ ስንመለከት፤ በአንድ በኩል መንግሥት፤ በሌላ በኩል ባለንብረት ተቀምጠው እናያለን። የሾፌሩና የረዳቱ ወንበር ግን ባዶ ነው።

ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ዋጋን ሲያስተካክል ለሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች የታለመ ድጎማ ማድረጉ ይታወሳል። ድጎማው የተሰላው በመኪና ነው። ነዳጅ ባልተገኘበት ቀን ሾፌሩ በሰልፍ ላይ ያባከነው ቀን፤ ሌሊት በማደያ ደጅ ያደረው እንቅልፍ በየትኛው መዝገብ ተጻፈ? የተጻፈ አይመስለንም፤ የሚያጽፈው ሰው አልነበረምና።

በማኅበር መረዳዳት ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድሩ፤ ዕቁቡ፤ ደቦው፤ የጽዋ ማኅበሩ፤ ክርስቲያኑና እስላሙ ተቀላቅሎ የሚቀመጥበት የመረዳጃ ሸንጎ የቆየ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ያለው የገዛ ሕዝባችን ነው። የሠራተኛ ማኅበር የዚሁ ጥበብ ልጅ ነው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ዕድር ሰው ሲሞት ይደርሳል፤ የሠራተኛ ማኅበር ደግሞ ሰው በሕይወት ሳለና በሥራ ላይ ሳለ ይደርሳል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ42ኛው አንቀጽ፤ የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞች የሥራና የኢኮኖሚ ሁኔታቸውን ለማሻሻል በማኅበር የመደራጀት፤ ከአሠሪዎች ጋር የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ዝርዝሩን ይሰጣል። 10 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ሊቋቋም ይችላል፤ ከ10 ያነሰ ሠራተኛ ባለባቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎችም አባሎቻቸው ከ10 ያላነሱ እስከ ሆነ ድረስ በአንድነት ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ሊያቆሙ ይችላሉ። ይህ የኋለኛው ቃል ለኩታበር መንገድ የተጻፈ ይመስላል። አንድ ሚኒባስ ያለው ባለንብረት ሁለት ሠራተኛ ነው ያለው፤ አምስት ሚኒባሶች ግን 10 ሰው ይሆናሉ።

ይኸው አዋጅ የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም አይልም። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ነገር የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የቀኑን ሥራ ከ8 ሰዓት፤ የሳምንቱን ከ48 ሰዓት አያሳልፍም፤ በየሳምንቱም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። ሠራተኛን የማኅበር አባል በመሆኑ ከሥራ ማስወጣት በቂ ምክንያት እንዳልሆነም በግልጥ ተጽፏል። እንግዲህ የጎደለው ሕግ አይደለም፤ ከሕጉ እስከ መናኸሪያው ያለው መንገድ ነው የጎደለው።

ይህ ሕግ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለምና ታሪኩን ማወቅ ይገባናል። በአገራችን በማኅበር ለመቆም ከቀደሙት ሰዎች መካከል የመንገድ ሠራተኞች የመጀመሪያውን ስፍራ ይይዛሉ። በድሬዳዋ የነበሩት የምድር ባቡር ሠራተኞች በ1939 ዓ.ም. ገደማ ማኅበራቸውን አቋቋሙ። በ1941 ዓ.ም. ያደረጉትም የሥራ ማቆም በኃይል ተበተነ። በዚያን ጊዜ የሠራተኛን ማኅበር የሚያውቅ ሕግ አልነበረም፤ ስለዚህም ጥያቄአቸው የጸጥታ ጉዳይ ሆኖ ታየ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ47ኛው አንቀጽ፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ሥራ ለመሠማራትና ለዚሁም ሲል በሕግ መሠረት ማኅበር ለማቆም መብት እንዳለው ገለጠ። ቃሉ ተጻፈ እንጂ፤ ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ዓመት አለፈ። በመጨረሻው በ1954 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛን ግንኙነት የሚመለከተው ድንጋጌ ቁጥር 49፤ ቀጥሎም በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። በመካከሉም በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 27 ቀን ኢትዮጵያ ስለ መደራጀት ነጻነትና በኅብረት ስለ መደራደር የተደረጉትን 87ኛውንና 98ኛውን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነቶች አጸደቀች። የዚያ ዘመን ሕግ በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቆም 50 ሰው ይጠይቅ ነበር። በአንበሳ አውቶቡስ ወይም በምድር ባቡር ያለ ሠራተኛ ይህን ቁጥር ለመሙላት አይቸገርም፤ የአንድ ታክሲ ሾፌር ግን 50 ሰው ከየት ያመጣል?

ነገሩ ምን እንዳስከተለ የ1966 ዓ.ም. የካቲት ያስረዳናል። በዓለም ላይ የነዳጅ ዋጋ ወደ ላይ ሲወጣ በአገራችንም ቤንዚን ተወደደ። የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ወጪው ጨምሮ ታሪፉ ባለበት ቢቆምባቸው፤ የካቲት 11 ቀን መኪናቸውን አቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ፤ ከተማው ታወከ። ከጥቂት ቀን በኋላ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ዝቅ አደረገ። ከየካቲት 28 ቀን ጀምሮ ደግሞ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር የሠራተኛ ሕጉ እንዲሻሻልና ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰን ከሌሎችም ጥያቄዎች ጋር አቅርቦ ለአራት ቀን ያህል ጠቅላላ የሥራ ማቆም አደረገ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አድርገን ስናስተያያቸው ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። አንድነት ማኅበሩ ጥያቄውን በተራ ጽፎ አቀረበ፤ ሥራ ያቆመበት ቀንና ሥራ የጀመረበት ቀን ታወቀ፤ መንግሥትም የሚነጋገረው ሰው አገኘ። ታክሲ ነጂዎቹ ግን ከመሪያቸው በቀር መነጋገሪያ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ የተናገሩት መኪናውን በማቆም ነበር። ማኅበር ከሌለ ጸጥታ ይሰፍናል የሚል ሹም ካለ፤ ይህን የካቲት መልሶ ቢያነብ ይጠቅመዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው፤ እርሱም የድጋፍ ትምህርት ነው። ደርግ በሠራተኛው ስም ይምል ነበር። በሠራተኛው ስም የሚምለው መንግሥት ግን የሠራተኛውን አንድነት ማኅበር ዘጋ። በመስከረም 1968 ዓ.ም. የአየር መንገድ ሠራተኞች የአንድነት ማኅበሩን ጽሑፍ ሲያድሉ ተተኩሶባቸው ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ፤ በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ከላይ ወደ ታች ተደራጀ። አዳራሽ ነበረው፤ ሰንደቅ ነበረው፤ ሰልፍ ነበረው፤ ነገር ግን አባሉ በነጻ የመረጠውና ለአባሉ የሚከራከር መሪ አልነበረውም። በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42 ወጥቶ ነጻ ማኅበራት እንደገና ሲቆሙ ብዙ ተስፋ ተደረገ። ይሁን እንጂ አዲሱ ኮንፌዴሬሽን የመንግሥትን የኢኮኖሚ መርሐ ግብር በተቸ ጊዜ፤ በ1987 ዓ.ም. ምዝገባው ተሰረዘ፤ ሊቀ መንበሩም አገር ጥሎ ተሰደደ። እስከ 1989 ዓ.ም. ድረስም እንደገና አልተቋቋመም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ምንድር ነው? የሠራተኛው ማኅበር ሁለት ዓይነት ጉዳት ይደርስበታል። አንደኛው በጠላትነት መመታት ነው፤ ይህ ለማንም ይታያል። ሁለተኛው በወዳጅነት መታቀፍ ነው፤ ይህ ግን ቶሎ አይታይም። ባለሥልጣኑ ማኅበሩን እወዳለሁ ብሎ መሪውን ራሱ ከመረጠ፤ አዳራሹን ሰጥቶ አጀንዳውን ከጻፈ፤ ማኅበሩ ከመሥሪያ ቤቶች እንደ አንዱ ይሆናል፤ ሠራተኛውም ወደ እርሱ መሄድ ይተዋል። ስለዚህ ስለ ፖለቲካ ድጋፍ ስንናገር፤ ስለዚህ ዓይነቱ እቅፍ አንናገርም።

ትክክለኛው ድጋፍ ምን እንደሚመስል የሌሎች አገሮች ታሪክ ሊያሳየን ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዌልስ የታፍ ቬል ባቡር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ኩባንያው ማኅበራቸውን ከሰሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት የጌቶች ምክር ቤት ማኅበሩ የኩባንያውን ኪሳራ እንዲከፍል ፈረደ፤ ካሣውም 23 ሺህ ፓውንድ ሆነ። በዚህ ፍርድ መሠረት ማንኛውም ማኅበር ሥራ ባቆመ ቁጥር ካዝናው ሊራቆት ነው ማለት ነው። ሠራተኞቹ ድንጋይ አልወረወሩም፤ ወደ ምርጫ ሣጥን ሄዱ እንጂ። በ1906 በተደረገው ምርጫ የሠራተኛው ወገን 29 እንደራሴዎችን ወደ ምክር ቤት አስገባ፤ በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ ማኅበራትን ከዚህ ዓይነቱ ካሣ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። እንደራሴዎቹ ያደረጉት ማኅበሩን መምራት አልነበረም፤ ማኅበሩ የሚቆምበትን መሬት ማጽናት ነበር።

ከአፍሪካም ምሳሌ አይጠፋም። በዳካርና በኒጀር ወንዝ መካከል በሚሄደው ባቡር የሚሠሩት አፍሪካውያን፤ ከአውሮፓውያኑ ጋር በአንድ የሥራ ደረጃ እንዲቆጠሩ ጠይቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጥቅምት 1947 እስከ መጋቢት 1948 ድረስ ከአምስት ወር በላይ ሥራ አቁመው ቆዩ። ሴኔጋላዊው ደራሲ ሴምቤን ኡስማን ይህንኑ ታሪክ ልብ ወለድ አድርጎ ጽፎታል። በአሜሪካ አገር ደግሞ በእንቅልፍ ባቡሮች ላይ የሚያገለግሉት ጥቁሮች በፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት በ1925 ማኅበር አቁመው፤ ከፑልማን ኩባንያ ጋር የኅብረት ስምምነት የፈረሙት በ1937 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ታግሠዋል። በመካከሉ ነገሩን ያቀለለላቸው የባቡር ሠራተኞችን የመደራደር መብት የሚያጠነክር ሕግ በ1934 መሻሻሉ ነው። ሠራተኛው ሲጸና፤ ሕግ አውጪው ደግሞ በሩን ሲከፍት ነው ሥራው የሚፈጸመው።

ወደ አገራችን እንመለስና፤ በዚህ ነገር ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች እንመልከት። የመጀመሪያው፤ ሾፌሮች ከተደራጁ ሥራ ያቆማሉ፤ በሽተኛውም መንገድ ላይ ይቀራል የሚል ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕጉም አስቦበታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 የከተማ አውቶቡስን ከአየር መንገድ፤ ከመብራት፤ ከውኃና ከሆስፒታል ጋር ሥራ ማቆም ከማይፈቀድባቸው ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑ አገልግሎቶች ጋር ቆጥሮት ነበር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ባለሙያዎች ግን የአውቶቡስ መቆም እንደ ሆስፒታል መዘጋት የሰውን ሕይወት በቀጥታ አደጋ ላይ አይጥልም ብለው ዝርዝሩ እንዲጠብብ ደጋግመው ጠይቀዋል። የእኛም አሳብ ወደዚህ ያዘነብላል። በሕግ በተደራጀ ማኅበር ዘንድ ሥራ ማቆም የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው ነገር አይደለም፤ አስቀድሞ መነጋገር አለ፤ ማስማማት አለ፤ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ አለ፤ በሽተኛን የሚያደርስ መኪና እንዲቀር መስማማትም ይቻላል። ማስጠንቀቂያ የማይሰጠውና በሽተኛ የማይለየው፤ ተስፋ የቆረጠ ያልተደራጀ ሰው በድንገት የሚያደርገው ማቆም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፤ የሾፌሩ ደመወዝ ከጨመረ ታሪፉ ይጨምራል፤ ጉዳቱም በተማሪውና በገበሬው ላይ ይወድቃል የሚል ነው። ምናልባት በጥቂቱ እውነት ይሆናል። ነገር ግን ተሳፋሪው ዛሬም ርካሽ ዋጋ እየከፈለ አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለው በሌላ መንገድ ነው። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ሆኖ ይከፍላል፤ ከታሪፍ በላይ ሲጠየቅ ይከፍላል፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ሾፌር በጭጋግ ቀን ዳገቱን ሲያወርደው በነፍሱ ይከፍላል። የቀን ገቢ ይሞላ ዘንድ የሚሮጥ መኪና እንደማይታመን እናታችንም ታውቀዋለች። ሾፌሩ የታወቀ ደመወዝና የታወቀ ዕረፍት ካለው፤ ለትርፍ ሰውና ለፍጥነት የሚገፋው ነገር ይቀንሳል። የሠራተኛው መብትና የተሳፋሪው ደኅንነት በአንድ መሪ ላይ ናቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባለንብረቱ በኩል የሚመጣ ነው። «እኔም በዕዳ መኪና የገዛሁ ድሀ ነኝ፤ ከአንድ ሚኒባስ ለሠራተኛ ማኅበር ምን አለኝ?» ይላል። እውነት አለው። ለዚህም ነው ድርድሩ በአንድ ባለንብረትና በአንድ ሾፌር መካከል እንዳይሆን የምንለው። የባለንብረቶች ማኅበር በአንድ በኩል፤ የሾፌሮችና የረዳቶች ጠቅላላ ማኅበር በሌላ በኩል ተቀምጠው ለመስመሩ ሁሉ አንድ የኅብረት ስምምነት ቢፈርሙ፤ ሕግ አክባሪው ባለንብረት ሕግ በማያከብረው አይሸነፍም፤ ሾፌር በመቀማማትም የሚመጣው ጠብ ይቀራል።

እንግዲህ ከመንግሥትና ከሕዝብ እንደራሴዎች የሚጠበቀው ድጋፍ በእኛ አስተያየት የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ የሥራና የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በወረዳና በከተማ ደረጃ ያሉት፤ የጠቅላላ ማኅበር የምዝገባ ጥያቄ ሲቀርብላቸው በሕጉ መሠረት ቶሎ እንዲመዘግቡ። ማመልከቻ ይዞ የመጣ ረዳት ዛሬ ነገ እየተባለ ሲመላለስ የቀን እንጀራው ይቀርበታል፤ ሦስተኛ ጊዜም አይመለስም።

2ኛ፤ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች ስምሪት ሲሰጡ፤ ለሾፌሩና ለረዳቱ በሕግ የታዘዘው የተፈረመ ጽሑፍ መሰጠቱን እንዲጠይቁ። መኪናው የቴክኒክ ምርመራ ካላለፈ ስምሪት አያገኝም፤ የሰውየው ውል ከመኪናው ፍሬን ያነሰ ጉዳይ አይደለም። በዚህም መንገድ አሠሪው 11፤ ሠራተኛው 7 ከመቶ የሚያዋጡበት የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ለእነዚህም ሰዎች ሊደርስ ይችላል።

3ኛ፤ ታሪፍና የነዳጅ ነገር በሚወሰንበት ስብሰባ ለሠራተኞቹ ወንበር እንዲሰጥ።

4ኛ፤ ማኅበር አቋቁመሃል ተብሎ ቁልፍ የተቀማ ሾፌር አቤቱታው ፈጥኖ እንዲሰማ፤ የፖሊስና የጸጥታ ሹማምንትም የሠራተኞችን ስብሰባ እንደ ወንጀል ከማየት እንዲቆጠቡ።

5ኛ፤ የፖለቲካ ፓርቲዎች፤ ገዢውም ሆነ ተቃዋሚው፤ ከማኅበሩ ምርጫ እጃቸውን እንዲሰበስቡ። ይህ አምስተኛው ከሁሉ የሚከብድ ነው። እንደራሴው በምክር ቤት ስለ ሠራተኛው መብት ይናገር፤ ሕጉን ያጽና፤ ነገር ግን ማን ሊቀ መንበር ይሁን የሚለውን ለአባሎቹ ይተው።

ሠራተኞቹም የሚጠበቅባቸው ግዴታ አለ። ማኅበር መብትን ብቻ የሚያነሣ ከሆነ በሕዝብ ዘንድ አይወደድም። የገንዘብ ሒሳቡ በየጊዜው ይታይ፤ መሪዎቹ በጊዜያቸው ይመረጡ፤ በታሪፍ ላይ የሚጨምረውን፤ ተሳፋሪ የሚሰድበውን፤ ጫት ቅሞና ጠጥቶ የሚነዳውን አባል ማኅበሩ ራሱ ይገሥጸው። የሠራተኛውን ክብር ሠራተኛው ካላስከበረው፤ አዋጅ ብቻውን አያስከብረውም። በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሥር ያለው የትራንስፖርትና የመገናኛ ሠራተኞች ፌዴሬሽንም፤ በትልልቆቹ ድርጅቶች ካሉት አባሎቹ አልፎ የየክልሉን መናኸሪያ ቢጎበኝ መልካም ይሆናል። በአዲስ አበባ የሚጻፍ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ በኩታበር የሚያነበው ሰው ከሌለ ምን ይጠቅማል?

ተማሪዎችና ወጣት ባለሥልጣኖች፤ ይህን ለእናንተ መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ዓመት አላለፈንም፤ በትምህርት ቤት ስለ ሠራተኛው መደብ የተናገርነው ንግግር ብዙ እንደ ነበረ እናውቃለን። ቀደም ያለው ትውልድ ስለ ሠራተኛው ትልልቅ ቃል ተናግሯል፤ በቃሉም ምክንያት ብዙ ሰው አልቋል። አሁን የሚያስፈልገው ትንሽ ሥራ ነው። በወረዳው ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ወጣት ሹም፤ የምዝገባ ማመልከቻ በጠረጴዛው ላይ ሲያገኝ ወደ ታች ሳይሸሽግ ቢፈርም፤ ይህ የፖለቲካ ድጋፍ ነው። ሕግ የሚማረው ተማሪ በዕረፍቱ ወራት ወደ አገሩ ሲመለስ፤ አንድ ረዳት የአዋጁን ሦስት አንቀጾች እንዲያነብ ቢረዳው፤ ይህም ድጋፍ ነው። ባለንብረትና ሾፌር በተጣሉ ጊዜ ለማንም ሳያደላ ሕጉን የሚያስነብብ ሰው መሆንም ድጋፍ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ አንበሳ ይታሰር አንልም፤ ባለንብረቱም መንግሥትም አንበሳ ሆነው እንዲታዩ አንፈልግም። የምንለው ድሩ ይበር ነው። ከደሴ እስከ ኩታበር፤ ከኩታበር እስከ ተንታ፤ ከዚያም ወዲያ በደጋው ሁሉ የሚነዱትና የሚጣሩት ሰዎች እንደ ማንኛውም ዜጋ በአንድ ስም፤ በአንድ ማኅተም፤ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው የሚናገሩበት ቀን ቢመጣ፤ በመጀመሪያ የሚጠቀመው እነርሱ ናቸው፤ ቀጥሎ የሚጠቀመው ግን በኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ፤ ማለት እናንተና እኛ ነን።